ድምፅዎን «ይጣሉ» ላላችሁን፦ ከላስ ቬጋስ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በላስ ቬጋስ የፓርቲውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ዘመቻ ለምትመሩ ኃላፊዎች

ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የፓርቲያችሁን ስም አልጠራም። ማን እንደሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ሌላኛው ፓርቲም ይህን አንብቦ ደስ እንዳይለው፤ ብዙው ነገር እሱንም ይነካዋል።

ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ አጥሮኝ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ ከዓለም ዳርቻ ከመጣ ሰካራም ሁሉ ጋር በእንግሊዝኛ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። በአማርኛ የጻፍኩት ሁለት ነገር አስቤ ነው። አንደኛ፣ ወገኖቼ እንዲያነቡት። ሁለተኛ፣ እናንተም አስተርጓሚ ፈልጋችሁ፣ «ይሄ ቃል እንዲህ ማለት ነው ወይስ እንዲያ?» እየተባባላችሁ እንድታነቡት። እኛ የእናንተን ወረቀት የምናነበው እንደዚያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ወር የላካችሁልን የስልክ መልእክት ነው። በ2024ቱ ምርጫ «የአማርኛ ቡድን» ተብለን በነፃ ስንሠራ የነበርነው አሥራ አንድ ነን። አራት ሾፌር፣ ሁለት ካሲኖ ውስጥ ካርድ የሚያድሉ ዲለሮች፣ ሁለት ሆቴል ክፍል የሚያጸዱ እህቶች፣ አንዲት ነርስ፣ ሁለት ተማሪ። መልእክቱ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ለሚቀጥለው ምርጫ በአማርኛ የሚደረግ ቅስቀሳ አይኖርም፤ ማኅበረሰባችሁ እንግሊዝኛ በበቂ ስለሚችል ሀብቱ ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል፤ ለአስተዋጽኦዋችሁ እናመሰግናለን። መጨረሻው ላይ ሁለት የተጋጠሙ እጆች ምስል አለበት። የኛ ተማሪዎች «ሊያሰናብቱን ሲሉ ሰገዱልን» ብለው ሳቁ።

«ሀብቱ» የተባለው ምን እንደነበር ላስታውሳችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ አንድ ቀለሙን እኛ የምንገዛለት ማተሚያ። ቡናና ዳቦውም ከቤት ነበር።

መቼም «አሥራ አንድ ሰው ምን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ የራሳችሁን ቁጥር ላንብብላችሁ። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ኔቫዳን ያሸነፉት በ27 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው። በ2020 ጆ ባይደን በ33 ሺህ ምናምን። በ2024 ዶናልድ ትራምፕ በ46 ሺህ። ከሦስቱ የትኛውንም ልዩነት አሌጂያንት ስታዲየም ውስጥ ብታስገቡት ወንበር ይተርፋል። እኛ የአማርኛ ተናጋሪዎች፣ ከሌላው ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ ጋር፣ በዚህ ከተማ በሺዎች የምንቆጠር ነን። ካውንቲው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰፈር ሰይሞልናል። ስም መስጠት ቀላል ነው። ስልክ ማንሳት ነው ያቃተው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

የመጀመሪያው የወረቀቱ ነገር ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት፣ መስከረም ላይ፣ በየቤቱ ያስበተናችሁት አማርኛ ወረቀት ነበር። በማሽን ተተርጉሞ ማንም ሳያየው እንደታተመ ከሩቁ ይታወቃል። ከፊሉ ፊደል አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኗል። «ለሥልጣን ይወዳደራሉ» ለማለት እጩው «ለቢሮ እየሮጡ ነው» ይላል፤ አንድ ሽማግሌ «ምን አስሮጣቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ከሁሉ የባሰው ግን የድምፅ ማስገቢያ ሳጥኑን የተረጎማችሁበት ነው። «ድምፅዎን በመጣያ ሳጥን ውስጥ ይጣሉ።» አንዲት እናት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዜግነት ካገኙ ገና ሁለት ዓመታቸው፣ ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ቤተ ክርስቲያን ድረስ አመጡልኝ። ፈቱና አሳዩኝ። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ሸምድጄ፣ እጄን አንስቼ ምዬ፣ ጣይው ይሉኛል?» አሉ። ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም። እሳቸው የምር አዝነው ነበር።

የኛ ጠረጴዛ የተከፈተው በእሳቸው ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ይዤ ቢሯችሁ መጣሁ፤ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ፊቷ ቀላ፣ ወዲያው «እርዱን» አለች። ለሷ እስከ ዛሬ አክብሮት አለኝ። ከምርጫው ማግሥት ከሌሎቹ ጋር ኮንትራቷ አልቆ ሄደች። የምታውቀውንም ሁሉ ይዛ ሄደች።

ሁለተኛው የስም ዝርዝራችሁ ነው። ይሄ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ኔቫዳ ውስጥ ዜጋ ሆነህ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ፣ አልፈልግም ካላልክ በቀር፣ በዚያው መራጭ ሆነህ ትመዘገባለህ። ፓርቲ ካልመረጥክ «ፓርቲ የለሽ» ትባላለህ። የኛ ሰው ደግሞ ፓርቲ የሚል ፎርም ሲያይ እጁን ይሰበስባል። አባል መሆን ምን እንደሚያስከትል ከአገሩ ተምሮ የመጣ ነው። የቀይ ሽብሩን ጊዜ ያየ ሰው፣ ወይም ካየ ሰው የተወለደ፣ በማያውቀው ወረቀት ላይ የፓርቲ ስም አጠገብ ምልክት አያደርግም። ስለዚህ አብዛኛው የማውቀው ሰው ፓርቲ የለሽ ሆኖ ተመዝግቧል። ዛሬ በኔቫዳ ከየትኛውም ፓርቲ ይልቅ ብዙው የተመዘገበ መራጭ እንደዚያ ነው፤ ብቻችንን አይደለንም።

እናንተ ግን በር የምታንኳኩት በአባላት ዝርዝር ነው። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሥራ አራት የኢትዮጵያ ቤተሰብ እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ቀስቃሾቻችሁ ሁለት በር ብቻ አንኳኩተው ሄዱ። በአንደኛው ደግሞ ባልና ሚስቱ የተለያየ የአባት ስም ስላላቸው ተከራይና አከራይ መስለዋቸው ለሚስቲቱ «እርስዎ እዚህ ነው የሚኖሩት?» አሏት። ቤቱ የሷ ነው። እኛ አገር ሴት ልጅ ስታገባ የባሏን ስም እንደማትወስድ አንድ ሰው ቢነግራቸው ምን ነበረበት? ያውም የመጡት እሑድ ጠዋት ነው። ከካሊፎርኒያ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ ፀሐዩን ችለው፣ በቅንነት የመጡ ልጆች ናቸው፤ እነሱን አልወቅስም። ግን እሑድ ጠዋት ቤቱ የሚገኝ የኛ ሰው ማን ነው? ቅዳሴ ላይ ነው፤ ወይ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ሞቶ ተኝቷል። ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ሙስሊም ወንድሞቻችን መስጊድ ናቸው። ያንን ጊዜ በስልክ መተግበሪያችሁ ላይ «ማንም የለም» ብላችሁ መዝግባችኋል። ከዚያ ዓመቱ ሲያልቅ «ይህ ማኅበረሰብ የምርጫ ፍላጎቱ ዝቅተኛ ነው» የሚል ሪፖርት ወጣ።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። የመራጭ ግለት እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላችኋል። መጣ፣ አልመጣም፣ እያላችሁ ትለካላችሁ። ግለት የሚሠራ ነገር ነው።

እንዴት እንደሚሠራ አንድ ላሳያችሁ። ሰኔ 9 ቀን 2024 ዶናልድ ትራምፕ እዚህ ሰንሴት ፓርክ መጥተው በዚያ እሳት በሆነ ሙቀት «የቲፕ ታክስ ይቀራል» አሉ። በማግሥቱ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም። አንድ ጓደኛዬ፣ ፖለቲካ ሲነሳ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው፣ መሪው ላይ ደረሰኝ አስቀምጦ በጀርባው የሳምንቱን ቲፕ ደመረ። በሃምሳ ሁለት አባዛው። ደረሰኙን አጥፎ የፀሐይ መከላከያው ላይ ሰካው። እስከ ጥቅምት ድረስ እዚያው ነበር። ነሐሴ 10 ካማላ ሃሪስም እዚሁ ከተማ መጥተው ያንኑ ቃል ገቡ። የሰልፉ መልስ ግን «ዘገየሽ» የሚል ነበር። ትክክል ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው። በኋላ ሕጉ በ2025 ሲወጣ እንደ መፈክሩ አልሆነም። ከገቢ ግብር የሚቀነሰው እስከ 25 ሺህ ዶላር ነው፣ የሚሠራውም እስከ 2028 ነው፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩ ይቆረጣል። ያንን ለሰልፉ በአማርኛ ያስረዳ የየትኛውም ፓርቲ ሰው አላየሁም። እኔው ነኝ መከራዬን ያየሁት።

ለማን እንደመረጥኩ አልነግራችሁም። ባለቤቴም አታውቅም።

ስለ ግለት አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 ባይደን 81 ሚሊዮን፣ ትራምፕ 74 ሚሊዮን ድምፅ አገኙ። የተሸነፉት ሰው ያገኙት እንኳ ከዚያ በፊት ካሸነፈ ፕሬዚዳንት ሁሉ የበለጠ ነበር። ሰው ያን ያህል የወጣው ሁሉም በእጩው ፍቅር ስላበደ አይደለም። ግማሹ ሌላኛውን ስለሚፈራ ወይም ስለሚጠላ ነው። ፍርሃት ሰው ያስወጣል። ግን ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው ፍርሃት ብቻ ልታስወጡት ስትሞክሩ ይሰለቻል። ባይደን በ2020 ላስ ቬጋስ ባለችበት በክላርክ ካውንቲ የነበራቸው የ9 ነጥብ ብልጫ በ2024 ለሃሪስ 3 እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ከምርጫው ዕለት በፊት ቀድሞ ድምፅ በሚሰጥባቸው ሁለት ሳምንታት ደግሞ ሪፐብሊካኖች ቀድመው ተሰለፉ፤ ድሮ «በፖስታ አትምረጡ» ሲባሉ የኖሩት ሰዎች «ቀድማችሁ ምረጡ» ሲባሉ ወጡ። ያንንም የሠራው ሰው ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ኩርፊያ ነው። እናንተ ክፍፍል ትሉታላችሁ። ለኔ ኩርፊያ ነው።

በፓርቲ ውስጥ የተጣላ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ተቃራኒው አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ይላል። ወይም መጥቶ ተሰልፎ አኩርፎ ይመለሳል። የኛ ስቴት ለዚህ የተለየ ቦታ አዘጋጅታለች፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ «ከእነዚህ አንዳቸውንም አልመርጥም» የሚል ምርጫ አለ። በ2016 በፕሬዚዳንት ውድድሩ ይህንን የመረጠው ከ28 ሺህ በላይ ሰው ነው። ክሊንተን ካሸነፉበት ልዩነት ይበልጣል! መኪናውን አስነስቶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ «ማንንም» ብሎ የሄደ ሰው። እሱ ሰነፍ አይደለም። የተቆጣ ነው። የካቲት 2024 ደግሞ በሪፐብሊካን የቅድመ ምርጫ ኒኪ ሄሊ ብቻቸውን ዋና ተወዳዳሪ ሆነው ቀረቡና በ«ማንም» ተሸነፉ። ትራምፕ እዚያ ወረቀት ላይ አልነበሩም፤ ፓርቲው ከሁለት ቀን በኋላ ኮከስ የሚባለውን፣ አባላት ተሰብስበው የሚመርጡበትን የራሱን ስብሰባ ጠርቶ እዚያ ነው ያሸነፉት። አንድ ፓርቲ በአንድ ሳምንት ሁለት ምርጫ። አንድ ደንበኛዬ ከዚህ ተነስቶ እስከ ሄንደርሰን ድረስ ሊያስረዳኝ ሞክሮ ሳያልቅለት ወረደ።

ክፍፍል ብቻውን ግን አያሸንፍም አይጥልምም። ይሄን ደጋግማችሁ ትስታላችሁ። ሐምሌ 2016 ክሊቭላንድ ላይ፣ በሪፐብሊካን ጉባኤ፣ በቅድመ ምርጫው የተሸነፉት ቴድ ክሩዝ ትራምፕን ሳይደግፉ «ህሊናችሁን ተከተሉ» ብለው ከመድረክ በጩኸት ወረዱ። ፓርቲው የተሰነጠቀ መሰለ። ኅዳር ላይ ግን ትራምፕ አሸነፉ፤ የተኮራረፈው ወደ ቤቱ ተመለሰ። በዴሞክራቶቹ በኩል በዚያው ዓመት ግንቦት፣ እዚሁ ፓሪስ ሆቴል ውስጥ፣ ለእጩነት የሚፎካከሩት የበርኒ ሳንደርስና የክሊንተን ደጋፊዎች በስቴቱ ጉባኤ በጩኸት ተለያዩ። እኔ ያንን ሌሊት ከሆቴሉ በር ሁለት ሰዎች ጭኛለሁ። አንዱ የሳንደርስ፣ አንዷ የክሊንተን። አይተዋወቁም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ ተጋሩ። እስኪወርዱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ኔቫዳን ክሊንተን አሸነፉ፣ ግን ሚሺጋንን በ10 ሺህ ምናምን፣ ዊስኮንሲንን በ22 ሺህ ምናምን አጡ። የዚያን ሌሊት ዝምታ አስታወሰኝ።

እርቁ ሲሠራ ደግሞ ይታያል። በ2008 ሂላሪ ክሊንተን ደንቨር ላይ ከጉባኤተኛው መሐል ቆመው «ኦባማን በአንድ ድምፅ እንሰይም» አሉ። ቨርጂኒያ ከ1964 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴሞክራት መረጠች፤ እዚያ ያሉ ዘመዶቼ ያን ጊዜ ስንት በር እንዳንኳኩ እስከ ዛሬ ያወሩታል። በ1980 ግን ጂሚ ካርተር መድረክ ላይ በቅድመ ምርጫው የተፎካከሯቸውን የቴድ ኬኔዲን እጅ ይዘው ወደ ላይ ለማንሳት እየተከተሏቸው፣ ኬኔዲ ሰው እየጨበጡ ሲርቁ አገር በቴሌቪዥን አየ። ካርተር 44 ስቴት ተሸነፉ። የኑሮ ውድነቱም፣ የኢራን ታጋቾችም ነበሩ እንጂ በእጅ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ሽማግሌ የሌለው ጠብ ምን እንደሚመስል ለማየት ያ ምስል ይበቃል።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ አለ። አልጠየቃችሁንም እንጂ። በ2024 የኛ ሰዎች መሐል የጋዛ ጦርነት ያስቆጣቸው ነበሩ። ሚሺጋን ላይ በየካቲቱ ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ ሰው «አልወሰንኩም» ብሎ የመረጠበት ቁጣ እዚህም ነበር፤ በአማርኛ፣ በመስጊዱ ደጅ። ለሱ ጠረጴዛችን ላይ መልስ የሚሆን አንድ ወረቀት አልነበረንም። ጠየቅን። «በዚያ ጉዳይ አትግቡ» ተባልን። አልገባንም። የተቆጡትም ሊመርጡ አልወጡም።

አገር ቤትን በተመለከተም እንደዚያው። እናንተ እኛን «ስደተኞች» ብላችሁ በአንድ ሳጥን ስታስቀምጡ የምንከፋፈልበትን ነገር አታውቁትም። ጥቅምት 2020 ትራምፕ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው እንደምትችል በስልክ ሲናገሩ ዓለም ሰማ። የታክሲ ሰልፉ በአንድ ቀን ተገለበጠ። ባይደን ገቡ፤ በትግራዩ ጦርነት ዘመን ማዕቀብ መጣ፣ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ የማስወጣቱ ውሳኔ ኅዳር 2 ቀን 2021 ታወጀ። ያ ዕለት ቨርጂኒያ ገዢዋን የምትመርጥበት ቀን ነበር። እዚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሪፐብሊካኑ እጩ ለግሌን ያንግኪን ቀስቅሰዋል፣ እሳቸውም በ64 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፉ። «እኛ ነን ያሸነፍናቸው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ያን ያህል አልደፍርም። ከዚያው ማኅበረሰብ ደግሞ ማዕቀቡ ትክክል ነው ያሉ፣ ቤተሰባቸው ትግራይ ውስጥ የተራበ፣ ሌላ ሰልፍ የወጡ ነበሩ። ሁለቱም የእናንተ መራጮች ናቸው። በ2025 ትራምፕ ግድቡ በአሜሪካ ገንዘብ ነው የተሠራው ሲሉ እንደገና ጨዋታው ተለወጠ። ከቦንድ ገዢዎቹ አንዷ እናቴ ናት፤ ምን እንዳለች እዚህ አልጽፈውም።

ይሄን ሁሉ የማታውቁት ለምንድን ነው? አንድ «የማኅበረሰብ መሪ» ስለምትይዙ ነው። መጣችሁ፣ ቡና ተፈላ፣ ጥብስ ቀረበ፣ ፎቶ ተነሳችሁ፣ «የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ከኛ ጋር ነው» ብላችሁ ለጠፋችሁ። ፎቶው ላይ የነበሩት ሰውዬ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ ግን የወከሉት ማንንም አይደለም፤ ራሳቸውም ነግረውኛል። መሪ ያለው አባል ሁሉ ይከተለዋል ማለት እንዳልሆነ ይህች ከተማ በ2020 አሳይታችኋለች። የምግብና የሆቴል ሠራተኞቹ ማኅበር አመራር የሳንደርስን የጤና መድን ዕቅድ ተቃወመ። አባላቱ ግን በየካቲቱ ኮከስ፣ ስትሪፑ በሚባለው የካሲኖዎች ጎዳና ላይ በየሆቴሉ ተሰብስበው፣ በብዛት ለሳንደርስ ቆሙ። እኔ የማውቃት አንዲት ክፍል አጽጂ «ማኅበሩ የኔ ነው፣ ልጄ ግን ኢንሹራንስ የላትም» ነው ያለችው።

አራተኛው የፊርማ ነው። አጭር ነው ግን ያማል። ኔቫዳ ለተመዘገበ መራጭ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በፖስታ ትልካለች። ፖስታው ላይ ትፈርማለህ፣ ፊርማህ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። አንድ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወንድማችን ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ በእንግሊዝኛ ፊደል ፈርሟል። ዕድሜ ልኩን የሚፈርመው ግን በአማርኛ ነው፤ ፖስታው ላይም «ተ»ን አዙሮ፣ ጅራቷን አስረዝሞ፣ እንደ ልማዱ ሞነጫጨረ። አልተመሳሰለም ተባለ። ከማያውቀው ቁጥር ሊንክ ያለው ቴክስት ደረሰው። ሊንክ አትንኩ ብለን የምንመክረው እኛው ነን። አጠፋው። ደብዳቤውም ከፒዛ ኩፖን ጋር ተጣለ። በዚያ ዓመት ለማስተካከያ እስከ ኅዳር 12 ጊዜ ነበረው። በስቴቱ በሺዎች የሚቆጠር ወረቀት እንደዚያ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የብዙ ወጣቶችም ነበር። እኛ በአማርኛ ደውለን ልናስተካክል ተዘጋጅተናል። ስልኮቹ ግን ከምርጫው በኋላ ባለው ጠዋት ተሰበሰቡ። ቢሮው ውስጥ የቀረው ወንበርና የፊኛ ቁራጭ ነበር። ድምፅ እየተቆጠረ!

በነገራችን ላይ በአማርኛ እንድትሠሩ ሕግ ያስገድዳችኋል አልልም፤ ሕጉ እኛን አያውቀንም። የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ በሌላ ቋንቋ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ ቋንቋዎችና ለአሜሪካና ለአላስካ ቀደምት ሕዝቦች ነው። የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ስለዚህ እዚህ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በፊሊፒኖ ይመጣል። አይከለክልም ግን። ያው ሕግ ደግሞ ማንበብ የሚያቅተው ሰው የሚያግዘውን ራሱ መርጦ ይዞ መግባት እንደሚችል ይላል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም እስካልሆነ ድረስ። ልጅህን ይዘህ ግባ ማለት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የነገርኳቸው እናቶች ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ። ነጠላ የቋጠሩት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ገብተው መርጠዋል። ሲወጡ ደረታቸው ላይ የለጠፉትን «መርጫለሁ» የሚል ተለጣፊ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ አዛውረው እስከ አሁን አላነሱትም።

«ማኅበረሰባችሁ እንግሊዝኛ በበቂ ይችላል» ላላችሁት መልሴ እሳቸው ናቸው። ቁማርተኛ ለማስተናገድና ገጽ ሙሉ የሕግ ጥያቄ አንብቦ አዎ ወይም አይደለም ለማለት የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ አንድ አይደለም። እኔ ራሴ የ2024ቱን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄዎች ሦስቴ ነው ያነበብኳቸው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይሄ ነው።

የአማርኛውን ጠረጴዛ የዘጋችሁበትን ውሳኔ እንድታነሱ። ስትከፍቱትም ጥቅምት ላይ ሳይሆን ከ2028ቱ ቅድመ ምርጫ አስቀድማችሁ፣ ሰው ሳያኮርፍ በፊት።

አንድም የአማርኛ ወረቀት ሁለት ሰው ሳያነበው እንዳይታተም። ከሁለቱ አንዷ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነች እናት ትሁን። አንከፍልም ካላችሁ ቡናውን እኛ እናፈላለን።

በር ስታንኳኩ ፓርቲ የለሾቹን ከዝርዝር እንዳታወጡ፤ ሰዓቱንም ከኛ ጋር እንድትወስኑ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ምሳም ይገኛል።

ከምርጫው ዕለት በኋላ ያለው የፊርማ ማስተካከያ ጊዜ እስኪያልቅ ሁለቱ ስልኮች እንዳይነጠቁ።

የቅድመ ምርጫው አልቆ እጩው ሲታወቅ፣ ለተሸነፈው ወገን ደጋፊዎች አንድ ስብሰባ በአማርኛ እንድታዘጋጁ፣ የምትመጡትም ለመስማት እንዲሆን። ፎቶ አንሺ አታምጡ።

ለዚህ ደብዳቤ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን። በፈለጋችሁት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ ከሆነ ግን እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት አሳዩን።

ከአክብሮት ጋር፣

በ2024 ምርጫ የአማርኛ የበጎ ፈቃድ ቡድን አስተባባሪ የነበረ የታክሲ ሾፌር
ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ

ግልባጭ፦
ለሌላኛው ፓርቲ
ለቡድኑ አሥር አባላት
ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ተራ ለሚጠብቁ ሾፌሮች በሙሉ